ያገለገለ ብስክሌት ለገዛ ሰው በጥቂት ብር የትኛው ዕቃ ይቅደም?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አዘዞ እየኖርኩ ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ ትምህርት ቤት የማስተምር መምህርት ነኝ። የታክሲና የባጃጅ ወጪ ስለከበደኝ በቅርቡ ያገለገለ ባለ 26 ኢንች የተራራ ብስክሌት ገዛሁ። ብስክሌቱ ይሄዳል፤ ሌላ ዕቃ ግን ምንም የለውም። ከደሞዜ ቀንሼ በየወሩ ጥቂት ብር ላወጣ እችላለሁ፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለመግዛት ግን አቅሜ አይፈቅድም። የማውቃቸው ሰዎች አንዱ ለስላሳ ኮርቻ፣ ሌላው የስልክ መያዣ፣ ሌላው የፍጥነት መለኪያ ግዢ ይሉኛል። መንገዴ ጠዋት ዳገት፣ ማታ ቁልቁለት ነው፤ የተማሪዎቼን ደብተር የምሸከምበትና የሚመሽብኝም ቀን አለ። ከየትኛው ልጀምር?
(ከአዘዞ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ስትሆን፣ እርስዎ ማታ የሚመለሱበት መንገድ ከአሥር ኪሎ ሜትር በላይ ወደ አዘዞ የሚወርድ ነው። በዚህ መንገድ ላይ የሚነዳ ብስክሌት ከሁሉ አስቀድሞ በሚፈለግበት ቦታ መቆም መቻል አለበት። ስለዚህ ምንም እንኳ ፍሬን እንደ ተጨማሪ ዕቃ ባይቆጠርም፣ የመጀመሪያው ወር ገንዘብዎ ለእሱ እንዲውል አጥብቀን እንመክርዎታለን።

ብስክሌቱን ገልብጠው በኮርቻውና በመሪው ላይ ያቁሙትና ከቸርኬው ግራና ቀኝ ያሉትን የፍሬን ላስቲኮች በቅርበት ይመልከቱ። አዲስ ላስቲክ ፊቱ ላይ የተቦረቦሩ መስመሮች አሉት፤ መስመሮቹ ጠፍተው ፊቱ ልሙጥ ከሆነ ማለቁን ያመለክታልና ይቀየር። ላስቲኩ መንካት ያለበት ቸርኬውን ብቻ ነው። ከፍ ብሎ ጎማውን የሚነካ ከሆነ የጎማውን ጎን ቀስ በቀስ እየበላ ቆይቶ ሳይታሰብ ያፈነዳዋል። ቀጥለው የፍሬኑን ሽቦ ከእጀታው በሚወጣበት ቦታ ላይ ይመርምሩት፤ ከተገመዱት ቀጫጭን ክሮች አንዱ እንኳ ተበጥሶ ካገኙት የቀሩትን አይመኗቸው። ላስቲክና ሽቦ ከብስክሌት ዕቃዎች ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት ውስጥ ናቸው፤ የሚገጥምልዎትን ባለሙያ የእጅ ዋጋ ጨምረው እንኳ ከለስላሳው ኮርቻ በታች ሊያወጡ ይችላሉ። ቁልቁለቱን ሲወርዱም ፍጥነቱ ከእጅዎ ከመውጣቱ በፊት ሁለቱንም ፍሬኖች አንድ ላይ እየያዙና እየለቀቁ ይውረዱ፤ ሳያቋርጡ ይዞ መውረድ ቸርኬውንና ላስቲኩን ያግላል።

ከፍሬኑ ቀጥሎ መብራት ይምጣ። በእኛ አገር ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ድንግዝግዙ ብዙ አይቆይም፤ በኅዳር ወር ደግሞ 12 ሰዓት ላይ ጀንበር ስለምትጠልቅ፣ ከሥራ በኋላ ትንሽ የቆየ ሰው ግማሹን መንገድ በጨለማ ይጨርሰዋል። ገንዘብዎ ለአንድ መብራት ብቻ የሚበቃ ከሆነ በእኛ እምነት ቀዩን የኋላ መብራት ያስቀድሙ፤ ምክንያቱም ከፊት የሚመጣውን መኪና እርስዎ ያዩታል፣ ከኋላ የሚመጣው ግን እርስዎን ካላየ ሌላ መከላከያ የለዎትም። የፊቱ ነጭ መብራት እስኪገዛ ድረስም በጊዜ ወደ ቤት ይግቡ። ስልክ በሚሞላበት ገመድ የሚሞላ መብራት ለእርስዎ ይመቻል፤ መብራት በሚጠፋበት ሰሞን ትምህርት ቤት ውስጥም ሊሞሉት ይችላሉ። ስለ ብርሃኑ ጥንካሬ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ትልቅ ቁጥር ከማመን ይልቅ ሻጩ ፊት አብርተው ይሞክሩት፤ ከብርሃኑም እኩል ማሰሪያውን ይፈትሹ። የኮብልስቶን መንገድ ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያን አራግፎ ይጥላል፤ በወፍራም ላስቲክ የሚጠመጠም ማሰሪያ የተሻለ ይበረክታል። የቀን ሠራተኞችና የትራፊክ ፖሊሶች የሚለብሱት ዓይነት አንጸባራቂ ሰደርያ ደግሞ ባትሪ ሳይጠይቅ ከሩቅ የሚያሳይ ስለሆነ ከቦርሳዎ አይለየው።

ሦስተኛው ጎማ ሲተነፍስ ከመንገድ ዳር የሚያነሣዎት ዕቃ ነው። አንድ ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ ሁለት የፕላስቲክ ጎማ ማውለቂያ፣ የመለጠፊያ ዕቃና ትንሽ መንፊያ በአንድ አነስተኛ ከረጢት ውስጥ ይገባሉ። የውስጥ ጎማ ከመግዛትዎ በፊት በውጭኛው ጎማ ጎን ላይ የተጻፈውን ልክ፣ ለምሳሌ 26 በ1.95 የሚለውን፣ ገልብጠው ይያዙ። የቫልቩንም ዓይነት ያረጋግጡ፤ እንደ መኪናና እንደ ሞተር ሳይክል ያለው ወፍራም ቫልቭ በየትኛውም ጎሚስታ ዘንድ ሊነፋ ስለሚችል ለእርስዎ መንገድ ይመረጣል፣ የቸርኬው ቀዳዳ የሚያስገባው እስከሆነ ድረስ። ሆኖም የጎሚስታው ኮምፕሬሰር ለመኪና የተሠራ ነውና የብስክሌትን ትንሽ ጎማ በጥቂት ሴኮንድ ሊያፈነዳው ይችላል፤ ልጁ ጥቂት በጥቂት እንዲነፋልዎት ይንገሩት፣ በጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ ግፊትም አይለፉ።

በመለጠፍ ላይ ብዙ ሰው የሚቸኩልበት ቦታ ማስቲሹ ነው። የተበሳውን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው ማስቲሹን ስስ አድርገው ይቀቡ፤ ከዚያም እስኪደርቅ፣ ማለትም ማብረቅረቁ እስኪጠፋ ድረስ፣ አምስት ደቂቃ ያህል ይታገሡ። እርጥቡ ላይ የተለጠፈ ልጥፍ ሳይውል ሳያድር ይለቃል። የውስጡን ጎማ ከመመለስዎ በፊትም የውጭኛውን ጎማ ውስጡን በጨርቅ ቀስ ብለው ይዳብሱት፤ የበሳው እሾህ እዚያው ተሰክቶ ከቀረ የተለጠፈውን መልሶ ይበሳዋል። አንድ ጊዜ የተከፈተ ማስቲሽ ቱቦው ውስጥ ስለሚደርቅ ትንንሹን ይግዙ።

ስለ ደብተሮቹ፦ ቦርሳ መሪው ላይ አንጠልጥሎ መንዳትን ፈጽሞ አይሞክሩት፤ ተወዛውዞ የፊት ጎማ ውስጥ ከገባ አሽቀንጥሮ ይጥላል። ከኋላ የሚገጠም የብረት ዕቃ መጫኛና መንጠቆ ያለው የላስቲክ ማሰሪያ በአራተኛው ወር ቢገዙ ጀርባዎ ዳገቱን ሳይጫነው ይወጣል። እስከዚያ ድረስ ቦርሳውን በሁለት ትከሻ ይሸከሙ። ደወል ዋጋው ትንሽ ስለሆነ በመካከሉ ይግዙት፤ በቅዳሜ ገበያ በኩል በእግረኛ መካከል ለሚያልፍ ሰው ያስፈልጋል። ፓራፋንጎም ሰኔ ሳይገባ ቢገጠም በቂ ነው። ቁልፍ የሚያስፈልግዎት ብስክሌቱን የሚያቆሙት ከግቢ ውጭ ከሆነ ነው፤ ያኔም በጉጠት የሚቆረጠውን ቀጭን ሽቦ ትተው ጠንካራ ብረት ይምረጡ፣ ጎማውን ብቻ ሳይሆን ዋናውን አካል ከማይነቃነቅ ነገር ጋር ይቆልፉት።

ለሰንሰለቱ የተቃጠለ የሞተር ዘይት በነፃ ይሰጥዎታል፤ አይቀበሉ። በውስጡ ያለው የብረት ብናኝና ጥቀርሻ ሰንሰለቱን ይበላዋል። አንድ ትንሽ ጠርሙስ ንጹሕ የሰንሰለት ዘይት ለረጅም ጊዜ ያገለግላል፤ በየማያያዣው ጠብ አድርገው ፔዳሉን ወደ ኋላ ካዞሩ በኋላ ትርፉን በጨርቅ ይጥረጉ፣ ካልተጠረገ የበጋው አቧራ ይለጠፍበታልና።

ወዳጆችዎ የጠቆሙትን ዕቃ የምናንቋሽሽ አይደለንም፤ ተራው ግን ገና ነው። ኮርቻው የሚያሳምምዎት ከሆነ አስቀድመው ቁመቱን ያስተካክሉ፤ ኮርቻው ላይ ተቀምጠው ተረከዝዎን ፔዳሉ ላይ ሲያሳርፉ ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግርዎ ቀጥ ማለት አለበት። ብዙውን ጊዜ ሕመሙ በዚህ ይቃለላል፣ ለመፍቻ ካልሆነ በቀርም ወጪ የለውም። ስለ ሄልሜት አልጠየቁንም፤ እኛ ከመብራቱ ጋር በአንድ ረድፍ እናስቀምጠዋለንና ቀጥሎ ያለውን መልስም እንዲያነቡልን እንለምናለን።

ጥያቄ፦ የአሥር ዓመት ልጄ ማራኪ አካባቢ ብስክሌት ይነዳል። ያገለገለ ሄልሜት በርካሽ አግኝቻለሁ፤ ትንሽ ይሰፋዋል፣ ግን ያድግበታል ብዬ አሰብኩ። ልግዛው?
(የልጅ አባት፣ ከማራኪ)

መልስ፦ አይግዙት። ሄልሜት ጭንቅላትን የሚያድነው በውስጡ ያለው ነጭ ፎም በግጭት ጊዜ እየተጨፈለቀ ኃይሉን ስለሚውጥ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተመታ በኋላ ላዩ ደህና መስሎ ቢታይም ሁለተኛ አያድንም፣ ያገለገለውን ማን እንደጣለውና ስንት ጊዜ እንደወደቀም ከመልኩ ማወቅ አይቻልም። የሰፋ ሄልሜት ደግሞ በመውደቂያው ሰዓት ወደ ኋላ ሸሽቶ ግንባርን ያጋልጣል። አዲሱ ውድ መሆን የለበትም፤ በውስጡ የአውሮፓው ኢኤን 1078 ወይም የአሜሪካው ሲፒኤስሲ የደረጃ ምልክት ያለበትን ይፈልጉና ልጁን ይዘው ሄደው ያስለኩት። የፊቱ ጠርዝ ከቅንድቡ በላይ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ይቀመጥ፣ ማሰሪያዎቹ ከጆሮው ሥር ይገናኙ፣ አገጩ ሥር ከአንድ ወይም ከሁለት ጣት በላይ አይግባ። ከዚያ ማሰሪያውን ሳይቆልፉ ራሱን ግራና ቀኝ እንዲነቀንቅ ይንገሩት፤ ሄልሜቱ ከራሱ ጋር አብሮ ከዞረ ልኩ ነው፣ ራሱ ዞሮ ሄልሜቱ ከቀረ አንድ ቁጥር ዝቅ ያለውን ያስመጡ።