መልስ፦ ፖሊኤቲሊን ሁሉ አንድ አይደለም

ወንድሜ፣ «ለስላሳው ላስቲክና ቢጫው ጀሪካን ሁለቱም ፖሊኤቲሊን ከሆኑ፣ ለምን አንዱ ልምጥ፣ ሌላው ደረቅ ሆነ?» ብለሃል። ጥሬ ዕቃቸው አንድ ነው፤ ኤቲሊን ጋዝ። የጋዙ ሞለኪውሎች እርስ በርስ ተያይዘው ረጅም ሰንሰለት ሲሆኑ ፖሊኤቲሊን የተባለው ፕላስቲክ ይገኛል። የሚለያዩት በአሠራራቸው ነው።

ለስላሳው የሚሠራው ከ1,000 እስከ 3,000 አትሞስፌር በሚደርስ ግፊትና ከ150 እስከ 300 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለ ሙቀት ነው። በዚህ ሙቀት እያደገ ያለው የሰንሰለት ጫፍ ዕረፍት የለውም። ወደ ኋላ ይታጠፍና ከራሱ ጀርባ ሃይድሮጅን ይነጥቃል። እድገቱ ከዚያ በኋላ የሚቀጥለው ከተነጠቀበት ቦታ ነው፤ የቀድሞው ጫፍ አጭር ቅርንጫፍ ሆኖ ይቀራል። ቅርንጫፍ የበዛበት ሰንሰለት እንደ ጭራሮ ነው፤ ተጠጋግቶ አይደረደርም። ክሪስታሉ (በሥርዓት የተደረደረው ክፍል) ስለሚያንስ ፕላስቲኩ ይለሰልሳል። ሙቀት ሲጨምር ቅርንጫፉ ይበዛል፤ ግፊት ሲጨምር ግን ይቀንሳል። ብዙ ሰው የሚስተው ይህችን ነው።

የጀሪካኑ መንገድ ሌላ ነው። በ1953 ጀርመናዊው ካርል ዚግለር የቲታኒየም ክሎራይድንና የአሉሚኒየም ውህድን ካታሊስት (የኬሚካል ለውጥን የሚያፋጥን ነገር) አድርጎ፣ ኤቲሊንን በዝቅተኛ ግፊትና ሙቀት ወደ ፖሊመር (ወደ ረጅሙ ሰንሰለት) ቀየረው። ሰንሰለቱ ቀጥ ብሎ ያድጋል፣ ጥቅጥቅ ብሎ ይደረደራል። የመቅለጫ ሙቀቱም ከ110 ዲግሪ አካባቢ ወደ 130 ገደማ ከፍ ይላል። ካታሊስቱ ግን ቅምጥል ነው፤ እርጥበት ወይም አየር ከነካው አለቀለት። የሰንሰለቱን ርዝመት ለመቆጣጠር ሃይድሮጅን ይጨመርበታል፤ በበዛ ቁጥር ሰንሰለቱ ያጥራል።

በነገራችን ላይ፣ ያ ሲነኩት የሚንኮሻኮሸው ስስ ፌስታል አብዛኛውን ጊዜ ከጀሪካኑ ወገን ነው።