አማልክትን በሰንጠረዥ ለምታጠኑ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

የመጻሕፍት አርታዒ ሆኜ ነው ያረጀሁት። ከእናንተ የሚላኩ ረቂቆችን እስከ ዛሬ አነባለሁ፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህም የጥንት ግሪክና ሮም አማልክት በረቂቆቻችሁ ውስጥ እየበዙ መጥተዋል። ዜውስ መብረቅ ይወረውራል፣ መዱሳ ያያትን ሁሉ ወደ ድንጋይ ትለውጣለች፣ ባለ ሦስት ራሱ ውሻ ሴርበረስ የሙታንን ደጅ ይጠብቃል። ብዙዎቻችሁ በፊልምና በኮምፒውተር ጨዋታ እንደተዋወቃችኋቸው እገምታለሁ፤ የመጡበት መንገድ አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ እንደ ሰንጠረዥ መምጣታቸው ነው። በአንዱ ዓምድ የግሪክ ስም፣ በሁለተኛው የሮም ስም፣ በሦስተኛው ሥልጣን፦ «ዜውስ፣ ጁፒተር፣ ሰማይ»፤ «አሬስ፣ ማርስ፣ ጦርነት»። ይህን በቃሉ ያጠና ሰው አማልክቱን ያወቀ ይመስለዋል። እኔ የማልስማማው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቴንም በዚሁ በአሬስ ላሳያችሁ።

ስለ ትሮይ ጦርነት በሚተርከው በግሪኩ ባለቅኔ በሆሜር ኢሊያድ አምስተኛ ክፍል አሬስ በትሮይ ሜዳ ሲዋጋ እናገኘዋለን። ዲዮሜደስ የሚባል ሟች ሰው፣ እንስት አምላክ አቴና እየረዳችው፣ ከሆዱ ዝቅ ብሎ በጦር ይወጋዋል። የጦርነት አምላክ ዘጠኝ ወይም ዐሥር ሺህ ወታደር በአንድ ጊዜ የሚጮኸውን ያህል ጮኾ ወደ ኦሊምፐስ ይሸሻል፤ የሚፈሰውን ደሙን ለአባቱ ለዜውስ እያሳየ አቤት ይላል። አባቱ ግን በኦሊምፐስ ካሉት አማልክት ሁሉ እንደ አንተ የምጠላው የለም ይለዋል። ልጁ ነውና መድኃኒት እንዲደረግለት ያዛል፤ የተናገረውን ግን አያነሳም። እዚያው ክፍል ላይ ሁለት ግዙፍ ወንድማማቾች አሬስን አስረው 13 ወር በነሐስ እንስራ ውስጥ ዘግተውበት እንደነበረ ይተረካል። ጦርነትን በቅርብ የሚያውቅ ሕዝብ ለደም አፍሳሹ አምላኩ እንዲህ ክብር ሲነፍገው ማየት ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

የሮም ማርስ ሌላ ነው። እርሱ ሮምን የቆረቆረው የሮሙለስ አባት ነው፤ የጥንቱ የሮማውያን ዓመትም የሚጀምረው በእርሱ ስም በተሰየመው በማርች ወር ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው መቶ ዓመት የኖረው ካቶ ስለ እርሻ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ የአንድ ባለ ርስት ጸሎት ተመዝግቧል። ሰውየው የአሳማ ግልገል፣ የበግ ጠቦትና ጥጃ በማሳው ዙሪያ አስነድቶ «አባት ማርስ» ብሎ ይጠራል፤ የሚታየውንና የማይታየውን በሽታ እንዲያርቅለት፣ እህሉንና ወይኑን እንዲያፋፋለት፣ እረኞቹንና ከብቶቹን እንዲጠብቅለት ይለምናል። በዜውስ ዘንድ የተጠላው አሬስ እዚህ የማሳ ጠባቂ ሆኗል።

ሦስተኛው አሬስ በእኛ ምድር የቆመ ነው። ንጉሥ ኢዛና ክርስትናን ከመቀበሉ በፊት በቤጃዎች ላይ ያደረገውን ዘመቻ በድንጋይ አስቀርጿል፤ ድንጋዩ ዛሬም በአክሱም አለ። ጽሑፉ አንድ ጊዜ በግሪክኛ፣ ሁለት ጊዜ ደግሞ በግዕዝ ነው፤ ግዕዙ በግዕዝ ፊደልም በሳባ ፊደልም ተቀርጿል። በግዕዙ ንጉሡ የማይሸነፈው የአክሱማውያን አምላክ የማሕረም ልጅ ነው፤ በግሪክኛው የማይሸነፈው አምላክ የአሬስ ልጅ ነው። ስለ ድሉ ምስጋናም ለወለደው ለአሬስ አንድ የወርቅ፣ አንድ የብርና ሦስት የነሐስ ሐውልት ማቆሙን ይናገራል። ስሙ ያልደረሰን ሌላ የአክሱም ንጉሥም በአዱሊስ ወደብ ዙፋን አሠርቶ ለአሬስ ሰጥቷል፤ ለባሕር ተጓዦች ደኅንነት ለዜውስ፣ ለአሬስና ለባሕር አምላኩ ለፖሰይዶን መሥዋዕት ማቅረቡንም አስጽፏል። ዙፋኑ ጠፍቷል። ቃሉ የተረፈው በስድስተኛው መቶ ዓመት ወደ አዱሊስ የመጣው ነጋዴ ኮስማስ ስለገለበጠው ነው።

እንግዲህ ጎን ለጎን አድርጋችሁ ተመልከቷቸው። የሆሜር አሬስ በአንድ ሰው ጦር ቆስሎ አባቱ ዘንድ የሚያለቅስ ነው፤ የኢዛና አሬስ ሽንፈት የማይነካው የንጉሥ አባት ነው። ኢዛና የራሱን አምላክ ለግሪክኛ አንባቢ ሲያስተዋውቅ ስሙን ከግሪኮች ተዋሰ፤ ጠባዩን ግን አልወሰደም። ሰንጠረዡ አንድ ረድፍ በሚሰጠው ስም ሥር ቢያንስ ሦስት አማልክት አሉ፤ የሚናገረው ማን ነው፣ ለማንስ ነው የሚናገረው ብላችሁ ካልጠየቃችሁ አይለዩላችሁም።

ይህ ጥያቄ መዱሳ ላይ ሲደርስ ይከብዳል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ700 ገደማ የነበረው የግሪክ ባለቅኔ ሄሲዮድ ስለ እርሷ የሚናገረው ጥቂት ነው። ሦስት እኅትማማቾች ነበሩ፤ ሁለቱ የማይሞቱ፣ መዱሳ ብቻ ሟች። ፖሰይዶን በለስላሳ መስክ ላይ፣ በጸደይ አበቦች መካከል አብሯት ተኛ። ጀግናው ፐርሲየስ አንገቷን ሲቆርጥ ፔጋሰስ የተባለው ፈረስ ከውስጧ ወጣ። ቆንጆ ነበረች አይልም፤ ተቀጣችም አይልም። በኮርፉ ደሴት ከአርጤምስ ቤተ መቅደስ የተገኘው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ580 ገደማ የተሠራው የድንጋይ ቅርጽ የዚያን ዘመን መዱሳ ያሳየናል። ጉልበቷን አጥፋ ትሮጣለች፤ ዓይኗ ፈጧል፤ ምላሷ ወጥቶ ተንጠልጥሏል፤ ወገቧን የታጠቀችው በሁለት እባቦች ነው። ከሰው ቁመት እጅግ የምትበልጠው ይህች ፍጥረት የቤተ መቅደሱን ግንባር ይዛ ነበር የተቀረጸችው።

ከሄሲዮድ 700 ዓመት ያህል ዘግይቶ የመጣው ሮማዊው ባለቅኔ ኦቪድ ፍጹም ሌላ ሴት ያመጣልናል። የኦቪድ መዱሳ ብዙዎች የተመኟት፣ ከሁሉ በላይ ጸጉሯ የሚያምር ሴት ነበረች። ሮማውያን ከፖሰይዶን ጋር የሚያስተካክሉት ኔፕቱን፣ ከአቴና ጋር በሚያስተካክሏት በሚኔርቫ ቤተ መቅደስ ውስጥ ደፈራት። ሚኔርቫ ፊቷን አዙራ በጋሻዋ ጋረደች፤ ቅጣቱን ያወረደችው ግን በተደፈረችው ላይ ነው፤ ያንን ጸጉር እባብ አደረገችው። አሁን ተራኪው ማን እንደሆነ ልብ በሉ። ራሱ ፐርሲየስ ነው፤ ገዳይዋ። የሚተርከውም በሠርጉ ግብዣ ላይ፣ ከእንግዶቹ አንዱ ጠይቆት ነው። ወዲያው በዚያው አዳራሽ ጠብ ይነሣል፤ ፐርሲየስ የቆረጠውን ራሷን አውጥቶ 200 ሰው ድንጋይ ያደርግበታል። ተደፍራ፣ ተቀጥታ፣ ተገድላም አላረፈችም፤ የገዳይዋ መሣሪያ ሆናለች። ኦቪድ ግፏን በገዳይዋ አፍ ያስነገረው ሳያስብበት ነው ብዬ አላምንም። እናንተ ግን በረቂቆቻችሁ ውስጥ እባቦቹን ብቻ ወስዳችሁ ይህን ሁሉ ትተዉታላችሁ። አትተዉት።

ያ ሠርግ የተደገሰው በኢትዮጵያው ንጉሥ በሴፊየስ ቤት ነው። ሙሽራይቱ አንድሮሜዳ ናት፤ እናቷ ካሲዮፔያ በተናገረችው የትዕቢት ቃል ምክንያት የባሕር አውሬ እንዲበላት ከገደል ጋር ታስራ ፐርሲየስ ያዳናት። ኦቪድ በሌላ ሥራው አንድሮሜዳ በአገሯ ቀለም ጠይም እንደነበረች ይጽፋል። በ16ኛው መቶ ዓመት ቲሲያን ሲሥላት ግን ነጭ ሆናለች፤ ሥዕሉ ዛሬ ለንደን ይገኛል። ይህን ያነበበ ወጣት «የእኛ ልዕልት ተወሰደችብን» ብሎ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ስሜቱም ይገባኛል። ቢሆንም ታገሡ። የግሪኮች ኢትዮጵያ ወሰኗ የተሠመረ አገር አልነበረችም። የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ የኢትዮጵያውያን ዋና ከተማ ብሎ የሚጠራው በዛሬዋ ሱዳን የምትገኘውን ሜሮዌን ነው። የአንድሮሜዳን ገደል በያፎ ወደብ፣ በዛሬዋ እስራኤል የሚያኖሩም ነበሩ፤ እንዲያውም ፕሊኒ የተባለው ሮማዊ ስካውረስ የተባለ ሹም የአውሬውን አጥንት ከዚያ ወደ ሮም አምጥቶ ለሕዝብ እንዳሳየና ርዝመቱም 40 ጫማ እንደነበረ መዝግቧል። ስለዚህ አንድሮሜዳን ጻፏት፣ ውደዷት፤ የታሪክ ማስረጃ አድርጋችሁ ግን አታቅርቧት። ማስረጃ ስትፈልጉ የኢዛና ድንጋይ አለላችሁ።

ከእናንተ መካከል «ጣዖታት ናቸውና ማንበቡ ከእምነቴ አያጋጨኝም ወይ?» የምትሉ አላችሁ። ጥያቄውን አላቃልለውም፤ የቆየ ጥያቄ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን በስሙ የሚቀደስ ቅዳሴ ያለው ቅዱስ ባስልዮስ በአራተኛው መቶ ዓመት ስለዚሁ ጉዳይ ለወጣቶች ጽፎላቸዋል። ንብ አበባን ሁሉ እኩል አትቀስምም፣ ካረፈችበትም ሁሉን ተሸክማ አትሄድም፤ እናንተም እንዲሁ አድርጉ አላቸው። የአማልክቱን ዝሙትና እርስ በርስ መጣላት ለመድረክ ሰዎች ተዉላቸው አለ፤ መጻሕፍቱን አቃጥሉ ግን አላለም። የሰባተኛው መቶ ዓመት ግብጻዊ ጳጳስ ዮሐንስ ዘኒቅዩስም የዓለምን ታሪክ ሲጽፍ ክሮኖስንና ዜውስን ጥንት እንደነበሩ ሰዎችና ነገሥታት አድርጎ አስገብቷቸዋል። ይህ መጽሐፍ ዛሬ በእጃችን ያለው በግዕዝ ብቻ ነው፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1602 ከዓረብኛ ወደ ግዕዝ ተመለሰ። የእኛ ጸሐፍት ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው የዜውስን ነገር ገልብጠዋል፤ ስለ ገለበጡትም ዜውስን አላመለኩም።

ከየት ልጀምር ለምትሉኝ፣ ከሆሜር ኦዲሲ ጀምሩ። 24 ክፍሎች አሉት፤ አትቸኩሉ። ገና በመጀመሪያው ክፍል ፖሰይዶን በዓለም ዳር ወደሚኖሩት ኢትዮጵያውያን ሄዷል፤ የበሬና የበግ መሥዋዕት እየቀረበለት በግብዣቸው ላይ ተቀምጧል። የታሪኩን ጀግና ኦዲሲየስን የሚጠላው አምላክ በመራቁ ሌሎቹ አማልክት ሰውየውን ወደ አገሩ ለመመለስ ይመካከራሉ፤ ታሪኩ የሚነሣው ከዚህ ነው። ከዚያ ዘጠነኛው ክፍል ላይ ስትደርሱ የዚሁ የፖሰይዶን ልጅ የሆነውን ባለ አንድ ዓይኑን ፖሊፌመስን ታገኙታላችሁ። በጎቹን በሥርዓት ያልባል፣ ግልገሎቹን እያንዳንዳቸውን ከእናታቸው ሥር ያደርጋል፣ አይቡን በቅርጫት ይደረድራል፤ እንግዶቹን ግን ይበላል። አውሬ ያሰኘው የዓይኑ ቁጥር ሳይሆን ይህ ነው፤ እንግዳን የሚጠብቀውን ዜውስን አንፈራም ይላልና። አባትየው በሰው ቤት በእንግድነት ተከብሮ ይበላል፣ ልጁ ደጁን የረገጠውን እንግዳ ይበላል። ሆሜር ሁለቱን በአንድ መጽሐፍ ውስጥ አኑሯቸዋል፤ ሰንጠረዥ ይህን ከቶ አያሳያችሁም። ደግሞ ኦዲሲየስ ዓይኑን ካጠፋበት በኋላ ፖሊፌመስ አውራ በጉን እያሻሸ «ዛሬ ለምን ከመንጋው ኋላ ቀረህ? ለጌታህ ዓይን አዝነህ ነውን?» ሲለው አንብቡ፤ ለአውሬው ማዘን ከጀመራችሁ ማንበብ ጀምራችኋል። ሄሲዮድ አጭር ነው፤ በጥቂት ቀን ያልቃል። የመዱሳን ታሪክ የያዘው የኦቪድ ግጥም 15 መጻሕፍት ግን ከተፈለገው ቦታ ቢከፈቱም አያስከፉም።

መጻፍ ለምትፈልጉ ደግሞ አንድ ባዶ ቦታ ልጠቁማችሁ። መምኖን የኢትዮጵያውያን ንጉሥ፣ የንጋት እንስት አምላክ የኤኦስ ልጅ ነው። የብረት አንጥረኛው አምላክ ሄፋይስቶስ የሠራለትን የጦር ልብስ ለብሶ ትሮይን ሊረዳ ዘመተ፣ የግሪኩን አለቃ የኔስቶርን ልጅ አንቲሎከስን ገደለ፣ በግሪኮቹ ጀግና በአኪሌስ እጅ ወደቀ። ኦዲሲየስ በሙታን አገር ስለ አንድ ጎበዝ መልክ ሲናገር ከመምኖን ቀጥሎ እንዲህ ያለ ውብ አላየሁም ይላል። በፓሪስ ሉቭር ሙዚየም አንድ የሸክላ ጽዋ አለ፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአምስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ ዱሪስ የተባለ ሠዓሊ በላዩ ላይ ክንፋሟን እናት የሞተውን ልጇን በሁለት እጇ ተሸክማ ሥሏታል። ስለዚህ ንጉሥ የተገጠመው ጥንታዊ ግጥም ግን ጠፍቷል፤ የቀረው አጭር የስድ ንባብ ማጠቃለያና ጥቂት ስንኝ ነው። ማጠቃለያው መምኖን ለሌላ ሰው ጦርነት ያን ያህል አገር አቋርጦ ሲመጣ ምን ይዞት እንደመጣ አይናገርም፤ አብረውት የዘመቱት የት እንደደረሱም አይናገርም። ከእናንተ አንዱ ይህን ጽፎ ቢልክልኝ፣ ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ሌላውን ሁሉ አቆይቼ አስቀድሜ አነበዋለሁ።