«ደህና ነኝ» የማይባልበት ደብተር

ጎንደር ውስጥ የሰውን ታሪክ የሚይዝለት ጎረቤት ነው። መቼ ጥርስ እንዳወጣሁ፣ ከየትኛው ዛፍ ወድቄ እጄን እንደሰበርኩ የሰፈራችን ሴቶች ያውቁታል። ቡና ሲፈላ ያነሱታል። እኔ ብረሳው እነሱ አይረሱትም። ቢረሱልኝ ደስ የሚለኝም ነገር አለ፣ ግን አይረሱም።

ውጭ አገር ስትገቡ ይሄ ይቀራል። እኔ አሜሪካ 22 ዓመት ኖሬ ተመልሻለሁ። ይህን የምጽፍላችሁ እዚሁ ጎንደር፣ አራዳ ቁጭ ብዬ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነው። የምመክራችሁም አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የራሳችሁ ማስታወሻ ደብተር ይኑራችሁ። እዚያ ማንም አያስታውስላችሁም። ቤት ትቀይራላችሁ፣ ሥራ ትቀይራላችሁ፣ አብሯችሁ ይኖር የነበረው ልጅ ሌላ ስቴት ይሄዳል። ያ ዓመት እንዳልነበረ ይሆናል።

የጎንደር ነገሥታት ይህን ለጎረቤት አልተዉትም። ቀዳማዊ ዮሐንስ፣ አድያም ሰገድ ኢያሱ፣ በካፋ፣ ሁሉም ዜና መዋዕላቸው በግዕዝ ተጽፎላቸዋል። ፓርኪንግ ውስጥ የሌሊት ሽፍት የሚሠራ ሰው ግን ጸሐፊ አይመደብለትም። ራሱ ነው የሚጽፈው።

አባቴ ቅዳሜ ገበያ ትንሽ ሱቅ ነበራቸው። ከሞቱ በኋላ የዱቤ ደብተራቸውን አገላበጥኩት። ጠርዙ በዘይት ወይቧል። ገጹ ሙሉ ስኳር፣ ሳሙና፣ ላምባ ነው። ከጎኑ የሰው ስም አለ፣ የከፈለው በአንድ መስመር ተሰርዟል። በመሃል በመሃል ግን ሒሳብ ያልሆነ ነገር ገብቷል። «ዛሬ በረዶ ጣለ።» «ጥርሴን አመመኝ።» እኔ የሄድኩበት ቀን ላይ ስደርስ ቆምኩ። «ልጁ ተሸኘ። ሱቅ አልተከፈተም።» ከሥሩ በማግስቱ፣ ስኳር 2 ኪሎ።

አባቴ በስልክ እንዲህ ያለ ነገር ተናግረውኝ አያውቁም። ስልክ ላይ ሁልጊዜ «ደህና ነን» ነበር። እኔም «ደህና ነኝ»። ከሥራ የተባረርኩ ቀን እንኳ ደህና ነበርኩ።

እኛ «ሆድ ይፍጀው» የምንል ሰዎች ነን። አገር ቤት ይሄ ያስኬዳል፤ ሆድ የፈጀውን ጓደኛ ያወጣዋል፣ ለቅሶ ቤት ይወጣል፣ ንስሐ አባት ጋ ይወጣል። ስደት ላይ ግን ሆድ ብቻውን ነው የሚፈጀው። ብዙ ጎበዝ ልጅ እንዲህ ሆኖ ሲጎዳ አይቻለሁ።

ጄምስ ፔንቤከር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረባው ጋር ሆኖ በ1986 እ.ኤ.አ. አንድ ጥናት አሳተመ። ተማሪዎችን ለ4 ተከታታይ ቀናት፣ በቀን 15 ደቂቃ አስጻፏቸው። ገሚሶቹ ስለ ተራ ነገር፣ ገሚሶቹ በሕይወታቸው ስለደረሰባቸው ከባድ ነገር ጻፉ። የደረሰባቸውንም የተሰማቸውንም አንድ ላይ የጻፉት በቀጣዮቹ ወራት ክሊኒክ የሄዱበት ጊዜ ከሌሎቹ አነሰ። ግን ልብ በሉ፣ ጽፈው እንደጨረሱ ወዲያው የባሰ ነው የከፋቸው። እናንተም ጽፋችሁ ዓይናችሁ እንባ ቢያቀርር «ይሄ ለእኔ አይሆንም» ብላችሁ አትጣሉት።

ሌላም ነገር አስተዋለ። ይበልጥ የተጠቀሙት ከቀን ወደ ቀን ምክንያትንና መረዳትን የሚያሳዩ ቃላት እየጨመሩ የሄዱት ናቸው። በእኛ ቋንቋ ለዚህ የተፈጠረች ቃል አለችን፣ «ለካ»። ከወንድሜ ጋር በገንዘብ ተኳርፈን በነበረ ጊዜ ሁለት ሳምንት ሙሉ እሱን እየረገምኩ ጻፍኩ። ያው ስድብ፣ በየቀኑ። አንድ ሌሊት ብዕሬ እንዲህ አለች፦ «ለካ የከፋኝ በገንዘቡ አይደለም። እማዬ መታመሟን ሦስት ወር ስለደበቁኝ ነው።» በማግስቱ ደወልኩለት። ደብተራችሁ ውስጥ ወር ሙሉ «ለካ» ካልመጣች፣ ያው ቁስል ብቻ እየተነካካ ከሆነ፣ ያን ርዕስ ለጊዜው ተዉትና ሐኪም አነጋግሩ። ደብተር ሐኪም አይተካም።

አሁን ወደ ደረቁ ጥቅም። ለአሜሪካ ዜግነት የሚሞላው ኤን-400 ፎርም የ5 ዓመት አድራሻና ሥራ ይጠይቃል፣ ከአገር የወጣችሁበትንና የተመለሳችሁበትንም ቀን እንዲሁ። እኔ ለጥምቀት ጎንደር የገባሁበትን ቀን ከደብተሬ ላይ ገለበጥኩ። ጎበዝ ነኝ ብዬ። ደብተሩ ላይ የነበረው ጥር 3 ነው፣ እኔ ጃንዋሪ 3 ብዬ ሞላሁት። ትክክሉ ጃንዋሪ 11 ነበር። ቃለ መጠይቁ ላይ ፓስፖርቴ ላይ ያለው ማህተም ሌላ ሲል ላቤ እስከ ጀርባዬ ወረደ። አስረድቼ ተስተካከለ፣ ግን ያን ላብ ለማንም አልመኝም። ስለዚህ ሁለቱንም ቀን ጻፉ፣ የእኛንም የፈረንጁንም። ልዩነቱ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ አይደለም፤ ጥር 11 አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 19 ነው፣ በአራት ዓመት አንዴ 20 ይሆናል።

ለማን ስንት እንደላካችሁ፣ ለማን ምን ቃል እንደገባችሁም ጻፉ። ክረምት ላይ አገር ቤት ስትመጡ ይጠቅማችኋል። ይህን ያልኩበትን ምክንያት የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

በየቀኑ ካልጻፍኩ ብላችሁ ራሳችሁን አታስጨንቁ። ድርብ ሽፍት ሠርቶ የመጣ ሰው ሁለት መስመር ይበቃዋል። እንቅልፍ እንቢ ሲላችሁ ደግሞ የነገን ሥራ ዘርዝራችሁ ተኙ። ቤይለር ዩኒቨርሲቲ በ2018 እ.ኤ.አ. በወጣው ጥናት 57 ሰዎችን ሞክሯል፤ ከመተኛታቸው በፊት 5 ደቂቃ የቀጣይ ቀናት ሥራቸውን የጻፉት፣ የሠሩትን ከጻፉት ወደ 9 ደቂቃ ቀድመው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ለሌሊት ሠራተኛ 9 ደቂቃ ቀላል አይደለም።

በአማርኛ ጻፉ። መጀመሪያ ይከብዳል፣ ቃል ይጠፋል። ስለ እማዬ እንጀራ አጋገር ስጽፍ ምጣዱ የሚወለወልበት ነገር ስሙ ጠፋብኝ። ሦስት ቀን ቦታውን ባዶ ተውኩት። መጨረሻ ላይ ደወልኩ። «ማሰሻ ነዋ!» ብላ ሳቀችብኝ። ከዚያ ስለ ማሰሻ፣ ስለ ጎመን ዘር፣ ስለ አያቴ ምጣድ ስታወራልኝ ካርዱ አለቀ። ያን ቀን «ደህና ነን» ተባብለን አልዘጋንም።

ስልክ ላይም ይቻላል፣ ፊደሉ አለ። እኔ ግን ሁለት ስልክ ጠፍቶብኛል፣ ደብተር አንድም አልጠፋብኝም። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ። የሌላ ሰው ምስጢር፣ በተለይ የወረቀት ጉዳዩ፣ ደብተራችሁ ላይ አይስፈር። የራሳችሁን ጉድ ጻፉ፣ የሰውን ተዉት።

የእኔ 14 ደርሰዋል፣ እማዬ ሣጥን ውስጥ ናቸው። ሦስቱን ከሞትኩ በኋላ አቃጥሉልኝ ብዬ ለወንድሜ ነግሬዋለሁ። የትኞቹ እንደሆኑ ግን ገና አልነገርኩትም፣ ቀድሞ ያነባቸዋል።