የልጅነት ቺፕሳችሁን ለምትናፍቁ

ዕድሜዬን የፈጀሁት መክሰስ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ይህን የሰማ ወጣት ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «ልጅ ሆነን የምንበላው ያ ቺፕስ የት ገባ?» የሃያ ዓመት ልጅ «ድሮ» ሲል መስማት ትንሽ ያስቀኛል። ጥያቄው ግን የሚናቅ አይደለም።

ብዙ ጊዜ ቺፕሱን የገደለው ሂሳብ ነው። ጣዕም በተቀየረ ቁጥር ማሽኑ ይቆማል፣ ይታጠባል፣ የማሸጊያው ጥቅል ይለወጣል። በዚያ ሰዓት ምንም አይመረትም፤ ደመወዝ ግን ይከፈላል። ትንሽ የሚሸጥ ጣዕም ይህን ወጪ አይችለውም። ስብሰባ ላይ የሽያጭ ሰንጠረዥ ይቀርባል፣ ከታች ያለው ስም ይሰረዛል፣ አለቀ። ማንም ከንፈር አይመጥም።

ስሙ ቆሞ ውስጡ የተለወጠም አለ። ይሄኛው ነው ሰውን ግራ የሚያጋባው። እ.ኤ.አ. በ2002 የስዊድን ተመራማሪዎች ድንችን የመሰሉ ስታርች የበዛባቸው ምግቦች በከፍተኛ ሙቀት ሲጠበሱ ካንሰር ያመጣል ተብሎ የሚጠረጠር አክሪላማይድ የተባለ ኬሚካል እንደሚፈጠርባቸው አሳወቁ። ከዚያ ወዲህ አምራቾች የድንቹን ዓይነት፣ የመጋዘኑን ቅዝቃዜ፣ የመጥበሻውን ሙቀት እንደገና መፈተሽ ጀመሩ። ድንች በጣም ሲቀዘቅዝ ስታርቹ ወደ ስኳር ይለወጣል። ስኳር የበዛበት ድንች ደግሞ ሲጠበስ ይጠቁራል። ያቺ ጠርዟ ቡናማ የሆነች፣ መረር የምትል ቺፕስ የመጣችው ከዚህ ነው። (እኔ በግሌ ከከረጢቱ ውስጥ ፈልጌ የምበላው እሷን ነበር።) ዛሬ ካሜራ የተገጠመለት ማሽን ገና ሳትታሸግ ለይቶ ይጥላታል። ዘይቱም ተቀይሯል። አሜሪካ በ2015 በከፊል ሃይድሮጅን የተጨመረበት ዘይት ከምግብ እንዲወጣ ወስናለች፤ ምክንያቱ በዘይቱ ውስጥ ያለው፣ ለልብ ጎጂ የሆነው ትራንስ ፋት የተባለ ስብ ነው። ዘይት ሲቀየር አፍ ውስጥ የሚቀረው ስሜትም አብሮ ይቀየራል።

የተመለሰ ነገር የለም ማለቴ አይደለም። የብሪታንያው ኩባንያ ካድበሪ ዊስፓ የተባለውን ቸኮሌት በ2003 አቁሞ ነበር። ብሪታንያውያን ኢንተርኔት ላይ ወጥረው ያዙትና በ2007 መለሰው። ኮካ ኮላም በ1985 ቀመሩን ቀይሮ ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ የድሮውን ለመመለስ ተገደደ። የሚገርመው ስሙ ሳይነገራቸው የቀመሱት አብዛኞቹ ሰዎች የመረጡት አዲሱን ነበር። ምላስ የወደደውን ልብ እምቢ አለ።

ስለዚህ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እንዳትቀየሙኝ። የዚያኑ ቺፕስ ቀመር ባገኝና አንድም ነገር ሳልቀይር ብሠራላችሁ «ይሄ እኮ አይደለም» ትሉኛላችሁ። ልጆች ከአዋቂ ይልቅ ጣፋጭና ጨዋማ ነገር ይወዳሉ። ያ አፍ አሁን የላችሁም። ሽታ ደግሞ አንጎል ውስጥ ስሜትና ትዝታ ከሚያዙበት ቦታ ጋር ጎረቤት ነው። ሽታ የሚቀሰቅሰው ትዝታ በብዛት ከአሥር ዓመት ዕድሜ በፊት የነበረውን እንደሆነ ጥናቶች ያሳያሉ። ከረጢቱ ሲከፈት የሚመጣው ጨውና ዘይት ብቻ አይደለም ማለት ነው። ከትምህርት ቤት መልቀቂያ ሰዓቱ አለ፣ አብሯችሁ እየተሻማ የበላው ልጅ አለ። እሱን ፋብሪካ አያሽገውም።

ታዲያ ምን ይደረግ? የምትወዱት ነገር ዛሬ ገበያ ላይ ካለ ግዙት። ከጠፋ በኋላ «ይመለስልን» ብለው ከሚፈርሙት ብዙዎቹ በሕይወት እያለ ዞር ብለው ያላዩት ናቸው፤ የሽያጭ ሰንጠረዡ ደግሞ ናፍቆት አይቆጥርም።

ወደዚህ ሙያ የምትገቡ ካላችሁ ሁሉንም ጻፉ። የድንቹን ዝርያ፣ የቁራጩን ውፍረት፣ ስንት ደቂቃ በስንት ዲግሪ እንደተጠበሰ። ወረቀቱ ላይ «ቅመም ቁጥር 4» ተብሎ ብቻ የተመዘገበ ቀመር አይቻለሁ። ቅመሙን ያቀርብ የነበረው ድርጅት ከተዘጋ ቆይቷል፣ ውስጡ ምን እንደነበረ የሚያውቅ የለም። እንዲህ የሞተን ጣዕም ማንም አያስነሳውም።

«የድሮው ጣዕም ተመለሰ» የሚል ጽሑፍ ከፊት ለፊቱ ስታዩ ደግሞ ከረጢቱን ገልብጡት። ከጀርባው ያለው ዝርዝር በክብደት ቅደም ተከተል ነው የሚጻፈው፣ ብዙው ከፊት ይመጣል። የድሮውን ባዶ ከረጢት ያስቀመጠ ሰው ካገኛችሁ ጎን ለጎን አድርጋችሁ አንብቡት፤ መጀመሪያ ዘይቱን እዩ።