የሳራዬቮ ጥይት፣ የጣሊያን መገልበጥና የኅዳር በሽታ፦ ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት ለጠየቃችሁን

ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት ከደረሱን ጥያቄዎች ስድስቱን መርጠናል። «በእኛ» ካላልን በስተቀር ቀኖቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ሰዓቱ ግን በእኛው ነው።

ጥያቄ፦ አንድ የ19 ዓመት ልጅ አንድ አልጋ ወራሽ ስለገደለ ዓለም በሙሉ ተዋጋ መባሉ ሊዋጥልኝ አልቻለም።

ባይዋጥልዎት አይፈረድብዎትም። የኦስትሪያ-ሀንጋሪ አልጋ ወራሽ ፍራንዝ ፈርዲናንድ ሳራዬቮ ላይ የተገደለው ጁን 28 ቀን 1914 ነው፤ ኦስትሪያ-ሀንጋሪ በሰርቢያ ላይ ጦርነት ያወጀችው ጁላይ 28። መሃሉ አንድ ወር ሙሉ ነው፤ ዋናው ነገር የተሠራውም በዚያ ወር ውስጥ ነው።

ግድያው ራሱ ሊከሽፍ የተቃረበ ነበር። ከጠዋቱ አራት ሰዓት አለፍ ሲል የተወረወረው ቦምብ ከአልጋ ወራሹ መኪና ላይ ነጥሮ ከኋላ የሚመጣውን መኪና መታ። ፍራንዝ ፈርዲናንድ ከማዘጋጃ ቤቱ አቀባበል ሲወጣ ቁስለኞቹን ሆስፒታል ሄጄ ልጠይቅ አለ። ስለዚህ መኪናዎቹ ወደ ከተማው መሃል ሳይታጠፉ በወንዙ ዳር ቀጥ ብለው እንዲሄዱ ተወሰነ፤ ይህን ለሾፌሮቹ የነገራቸው ግን አልነበረም። ላቲን ድልድይ አጠገብ ሲደርሱ በቀድሞው ፕሮግራም መሠረት ታጠፉ። አብሮ የተሳፈረው አገረ ገዢ መንገድ ስተሃል ብሎ ሾፌሩን አስቆመው፤ መኪናው የቆመው ደግሞ ልክ ገዳዩ፣ የቦስኒያው ሰርብ ጋቭሪሎ ፕሪንሲፕ ፊት ለፊት ነበር። ሁለት ጥይት ተኮሰ፤ አልጋ ወራሹም ባለቤቱ ሶፊም ሞቱ። (ፕሪንሲፕ 20 ዓመት ስላልሞላው በሞት አልተቀጣም፤ በ1918 እስር ቤት ውስጥ በሳንባ ነቀርሳ ሞተ።)

ከዚያስ? በግድያው የሰርቢያ እጅ አለበት ያለችው ቪየና (ኦስትሪያ-ሀንጋሪ) መጀመሪያ የበርሊንን (የጀርመንን) ድጋፍ ጠየቀች፤ ጁላይ 5 እና 6 ላይ የፈለግሽውን አድርጊ፣ ከጎንሽ ነን የሚል መልስ አገኘች። ቢሆንም ወዲያው አልተንቀሳቀሰችም። አንደኛ፣ ከወታደሮቿ ብዙዎቹ ለአዝመራ ፈቃድ ወጥተው ነበር። ሁለተኛ፣ የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ፑዋንካሬ ሩሲያን እየጎበኙ ስለነበር፣ ሁለቱ አጋሮች አንድ ገበታ ላይ ተቀምጠው እንዳይመክሩ መርከባቸው እስኪነሳ መጠበቅ ነበረባት። የመጨረሻ ማስጠንቀቂያው ለሰርቢያ የተሰጠው ፕሬዚዳንቱ ሊመለሱ በተነሱበት ዕለት፣ ጁላይ 23 ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው። አሥር ጥያቄዎችና 48 ሰዓት። ሰርቢያ አብዛኛውን ተቀበለች፤ የኦስትሪያ ባለሥልጣናት በሰርቢያ ምድር በፍርድ ምርመራው ይሳተፉ የሚለውን ስድስተኛውን ነጥብ ግን ሕገ መንግሥቴ አይፈቅድም ብላ መለሰች። የኦስትሪያው አምባሳደር መልሱን ተቀብሎ በ12 ሰዓት ተኩል ባቡር ቤልግሬድን ለቆ ወጣ። ሻንጣው ቀድሞ የታሰረ ሰው ነው እንዲህ የሚፈጥነው።

ከዚህ በኋላ ነገሩን ያጣደፈው ክተት ነው። የጀርመን የጦር ዕቅድ፣ ሩሲያ ሰፊ አገር ስለሆነች ጦሯን ሰብስባ እስክትጨርስ ፈረንሳይን በስድስት ሳምንት ያህል ማሸነፍ የሚል ነበር። ስለዚህ ሩሲያ ጁላይ 30 አጠቃላይ ክተት ስታዝ አንድ ጥይት ባትተኩስም የጀርመን ሰዓት መቁጠር ጀመረ። ኦገስት 1 ምሽት የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት ካይዘር ዊልሄልም እንግሊዝ ገለልተኛ ልትሆን ነው የሚል የተሳሳተ ወሬ ከለንደን ደርሶት፣ እንግዲያው ጦሩ በሙሉ ወደ ምሥራቅ ወደ ሩሲያ ይዙር አለ። የጦር አዛዡ ሞልትከ አይቻልም ብሎ መለሰለት። የባቡሩ ፕሮግራም ዓመት ሙሉ የተለፋበት ነው፤ በአንድ ሌሊት ይዙር ቢባል ምሥራቅ የሚደርሰው ጦር ሳይሆን ስንቅና አዛዥ የሌለው የታጠቀ ሕዝብ ነው።

ጥያቄ፦ ጣሊያን ከጀርመንና ከኦስትሪያ ጋር ቃል ኪዳን እያላት ለምን ከዳች?

የውጫሌን አንቀጽ 17 የምናውቅ እኛ፣ ጣሊያን የውል ቃል እንዴት እንደምታነብ ለመረዳት አንቸገርም። በዚህኛው ጉዳይ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ውሉ ከእሷ ጋር ነበር። በ1882 የተፈረመው የሦስትዮሽ ኅብረት የመከላከያ ውል ነው፤ አባሉ ሳይተነኩስ ከተጠቃ እንርዳው ይላል። በ1914 ያጠቃችው ኦስትሪያ ናት። በኋላ በታደሰው ውል አንቀጽ 7 ደግሞ ኦስትሪያ በባልካን መሬት ለመያዝ ካሰበች አስቀድማ ጣሊያንን ማማከርና ካሳ መስጠት ነበረባት፤ አላማከረችም። ጣሊያን ገለልተኛ ነኝ ስትል ያፈረሰችው አንቀጽ የለም።

ክህደት ካሉት የመጣው ከዘጠኝ ወር በኋላ ነው። ኤፕሪል 26 ቀን 1915 ለንደን ላይ በምስጢር ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከሩሲያ ጋር ተፈራረመች፤ ዋጋው ትሬንቲኖ፣ ትሪየስቴ፣ ኢስትሪያ፣ የዳልማሺያ ክፍል ነበር። ሜይ 23 በኦስትሪያ ላይ ጦርነት አወጀች። ለእኛ አገር አንባቢ የሚጠቅመው የዚህ የለንደን ውል አንቀጽ 13 ነው፦ እንግሊዝና ፈረንሳይ የጀርመንን የአፍሪካ ቅኝ ግዛቶች ከወሰዱ፣ ጣሊያን በኤርትራ፣ በሶማሊያና በሊቢያ ድንበሮች ማካካሻ ልትጠይቅ ትችላለች ይላል። «ልትጠይቅ ትችላለች» ማለት «ይሰጣታል» ማለት አይደለም። ከእንግሊዝ ያገኘችው ዛሬ የደቡብ ሶማሊያ ክፍል የሆነውን ጁባላንድን ነው፤ ያም በ1925። ድላችን ተቆርጦ ቀረ የሚለው ቅሬታ የሙሶሊኒ ዋና መፈክር ሆነ፤ ወደ እኛ ሲመጣም ይዞት የመጣው ይህንኑ ነው።

ጥያቄ፦ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። አስተማሪያችን ቃል ኪዳኖቹ እንደ መቁጠሪያ ዶቃ አንዱ ሲጎተት ሌላው ተጎተተ ይሉናል። ፈተና ላይ እንዲህ ብዬ ልጻፍ?

ጻፍ፤ ግን ሁለት ዶቃ ከክሩ ውጭ እንደነበሩ ጨምርበት። አንዷን፣ ጣሊያንን፣ ከላይ አይተናል። ሁለተኛዋ እንግሊዝ ናት። በ1904 ከፈረንሳይ፣ በ1907 ከሩሲያ ጋር የተስማማችው ስለ ግብፅ፣ ሞሮኮ፣ ፋርስና አፍጋኒስታን የመሳሰሉትን ነው፤ ተዋጊ የሚል ግዴታ የለበትም። ኦገስት 4 ወደ ጦርነቱ የገባችው ጀርመን የቤልጂየምን ድንበር ስለጣሰች ነው፤ የቤልጂየም ገለልተኝነት በ1839 ውል ተረጋግጦ ነበር። ቅደም ተከተሉን በዚህ ያዘው፦ ጁላይ 28 ኦስትሪያ በሰርቢያ፣ ኦገስት 1 ጀርመን በሩሲያ፣ ኦገስት 3 ጀርመን በፈረንሳይ፣ ኦገስት 4 እንግሊዝ በጀርመን፣ ኦገስት 6 ኦስትሪያ በሩሲያ። የመጨረሻውን ልብ በል፤ ጠቡን የጀመረችው ኦስትሪያ ከሩሲያ ጋር የገጠመችው ከጀርመን አምስት ቀን ዘግይታ ነው። ክሩ ቢሆን ኖሮ እሷ ነበረች መቅደም ያለባት።

ጥያቄ፦ የአባቴ መጽሐፍ ጦርነቱ በ1906 ተጀመረ ይላል፣ የልጄ 1914። የቱ ነው ስሕተቱ?

ሁለቱም ልክ ናቸው። የፈረንጁ ቀን ከጃንዋሪ 1 እስከ መስከረም ዋዜማ ከሆነ 8 ይቀንሱ፤ ከእንቁጣጣሽ እስከ ዲሴምበር 31 ከሆነ 7። ሳራዬቮ በእኛ ሰኔ 21 ቀን 1906፣ ተኩስ የቆመበት ኖቬምበር 11 ቀን 1918 ደግሞ ኅዳር 2 ቀን 1911 ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ለሁለቱም 8 እየቀነሰ ነው። ሩሲያም የራሷ አቆጣጠር ነበራት፤ የጥቅምት አብዮት የሚባለው በፈረንጆቹ ኖቬምበር 7 ቀን 1917 ነው። በእኛ ጥቅምት 28 ላይ ስለሚውል ግን ስሙ ለእኛ በትክክል ይሠራል።

ጥያቄ፦ ልጅ ኢያሱን ያወረዳቸው ሃይማኖት ነው ወይስ ይህ ጦርነት?

ከሥልጣን ያወረዳቸው አዋጅ የተናገረው ስለ ሃይማኖት ነው፤ መስለማቸው ግን ዛሬም ያከራክራል። የጦርነቱ እጅ አለበት። ቱርክ በ1914 መጨረሻ ከጀርመን ጎን ገብታ ጂሃድ አውጃ ነበር። ልጅ ኢያሱ ሐረር ካለው የቱርክ ቆንስል ጋር መቀራረባቸው፣ እንግሊዞችን ከሚወጋው ከሶማሌው መሪ ከሰይድ መሐመድ አብደላ ሐሰን ጋር መገናኘታቸው፣ ዙሪያችንን በቅኝ ግዛት የከበቡትን እንግሊዝን፣ ፈረንሳይንና ጣሊያንን አስደነገጠ። ጀርመንም በ1915 የባህል ተመራማሪውን ሌኦ ፍሮቤኒየስን በምጽዋ በኩል ልካ ጣሊያኖች መልሰውታል። ሦስቱ ሌጋሲዮኖች በአንድነት ተቃውሞ አቀረቡ። ሆኖም ነገሩን ሁሉ የውጭ ሴራ ማድረግ የሸዋን መኳንንት ያለ ሥራ ማስቀመጥ ይሆናል። የምኒልክ ሹማምንት ወደ ጎን ተገፍተው፣ የልጅ ኢያሱ አባት ራስ ሚካኤል የወሎና የትግራይ ንጉሥ ተብለው ሲነግሡ ቂሙ ቀድሞ ተቋጥሮ ነበር። በእኛ መስከረም 17 ቀን 1909 ወረዱ፤ ጥቅምት 17 ሰገሌ ላይ ንጉሥ ሚካኤል ተሸንፈው ተማረኩ።

ጥያቄ፦ ሂትለርን ያመጣው የቬርሳይ ካሳ ነው ይባላል። እውነት ነው?

ግማሹ። ተሸናፊዋ ጀርመን በ1919ኙ የቬርሳይ የሰላም ውል መሠረት እንድትከፍል በ1921 የተቆረጠው ካሳ 132 ቢሊዮን የወርቅ ማርክ ነው፤ ከዚህ ውስጥ 82 ቢሊዮኑ ማንም ይከፈላል ብሎ ያልጠበቀው፣ የአሸናፊዎቹን ሕዝብ ደስ ለማሰኘት የተጻፈ ቁጥር ነበር። በጃንዋሪ 1923 ፈረንሳይና ቤልጂየም ዕዳው ዘገየ ብለው የጀርመንን የኢንዱስትሪ አካባቢ ሩርን ያዙ፤ የጀርመን መንግሥት ሥራ ያቆሙትን ሠራተኞች ለመደጎም ገንዘብ አተመ። ከጦርነቱ በፊት በ4.2 ማርክ ይገዛ የነበረው ዶላር በኖቬምበር 4.2 ትሪሊዮን ሆነ። ይሁንና በ1928 ምርጫ የናዚ ድምፅ 2.6 በመቶ ብቻ ነበር፤ በጁላይ 1932 ደግሞ 37.3። በመሃሉ የገባው የ1929 የኢኮኖሚ ውድቀት ነው። ከካሳው ብድር የተረፈው ወለድ ተከፍሎ ያለቀው ኦክቶበር 3 ቀን 2010 መሆኑን ስንቱ ያውቃል?

ተጨማሪ፦ ኅዳር 12 ቆሻሻ የሚቃጠለው ከዚህ ጦርነት ጋር ይገናኛል ወይ ላላችሁን

በተለምዶ የሚያያዘው ከኅዳር በሽታ ጋር ነው፤ በሽታው ደግሞ በ1918 የወታደር መርከቦች በዓለም ያዳረሱት ኢንፍሉዌንዛ ነው። «የስፔን» የተባለው ከስፔን ስለተነሣ አይደለም፤ ተዋጊዎቹ አገሮች ጋዜጣቸውን ሲቆጣጠሩ ገለልተኛዋ ስፔን በግልጽ ስለጻፈች ነው። አዲስ አበባ ላይ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ገደለ፤ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንንም ታመው ለጥቂት ድነዋል። ጭሱ ግን ጉንፋንም ኢንፍሉዌንዛም አያባርርም፤ አስም ያለበት ሰው ቤት ውስጥ ካለ በዚያን ዕለት መስኮት ዝጉለት።