«ወተት አጠጡት፣ አስመልሱት» ከማለት በፊት

አንባቢያን ስለ መመረዝ ከላኩልን ጥያቄዎች አምስቱን መርጠን እንመልሳለን። ወተት ማጠጣትና ጣት ከቶ ማስመለስ በተደጋጋሚ ተነሥቷል። ሰው ይህን የሚያደርገው የሚወደውን ለማትረፍ ነው። እኛም ስለዚሁ ስንል በግልጽ እንናገራለን፦ ቤት ውስጥ ማንንም በግድ አታስመልሱ።

ጥያቄ፦ የሁለት ዓመት ልጄ በሃይላንድ የተቀመጠ ላምባ ውሃ መስሎት ተጎነጨና ወዲያው ሳለ። አያቱ ወተት አጠጡት። ሐኪም ቤት ስንሄድ ግን ሆዱን ሳያጥቡት ሲከታተሉት ቆይተው ወደ ቤት መለሱን። ልክ ነው? (እናት፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ አለማጠባቸው ልክ ነው። ላምባ ልጅን የሚጎዳው በሆድ ሳይሆን በሳንባ በኩል ነው። በቀላሉ የሚንሸራተትና የሚሰራጭ ፈሳሽ ስለሆነ፣ ሲዋጥ ጥቂት እንኳ ወደ አየር ቧንቧ ካመለጠ የሳንባን ትንንሽ የአየር ከረጢቶች ከፍቶ የሚያቆየውን ስስ ሽፋን ያበላሻል። ልጁን ማስመለስ ማለት ላምባውን በዚያው ጉሮሮ ዳግመኛ ማሳለፍ ነው። ወተቱም ሆዱን ሞልቶ ትውከት ከማቅረብ በቀር ጥቅም የለውም።

ወዲያው መሳሉ ትንሽ ወደ ሳንባ እንደገባ ይጠቁማል፤ ለዚህም ነው ያቆዩት። ለ6 ሰዓታት ያህል ታይቶ ሳል ከሌለው፣ አተነፋፈሱ፣ የደሙ ኦክስጅንና ራጁ ደህና ከሆኑ ወደ ቤት መሄድ ይችላል። ቤት ከገባችሁ በኋላ ተኝቶ ሳለ ትንፋሹን አንድ ደቂቃ ሙሉ ይቁጠሩ። በዚህ ዕድሜ በደቂቃ 40 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ካተኮሰው ወይም ከወትሮው በላይ ከደነዘዘ ሳይውሉ ሳያድሩ ይመልሱት። ላምባ የነካው ልብስ ወዲያው ይውለቅ፤ ገላውም በሳሙና ይታጠብ፤ ላምባ ቆዳ ላይ ከቆየ ያቃጥላል።

የተጠጣው በረኪና ቢሆን ደግሞ አፉን አጉመጥምጦ ጥቂት ውሃ መጎንጨት ነው እንጂ «ያከሽፈዋል» ተብሎ ሎሚ አይሰጥም። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን የሚባል መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ሽንት ቤት ስታጸዱ በረኪናን ከአሲድ ማጽጃ ጋር የማትቀላቅሉትም በዚሁ ምክንያት ነው። ላምባም ሆነ በረኪና በሃይላንድ አታስቀምጡ። ለሁለት ዓመት ልጅ ሃይላንድ ማለት ውሃ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ማታ ቡና ከጠጣን በኋላ ፍሙን ለሙቀት ብለን መኝታ ክፍል አስገባነው። ጭስ አልነበረውም። ሌሊት ሦስታችንም ራሳችንን እየፈለጠንና እያቅለሸለሸን ነቃን። ሐኪም ቤት በጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ 98 ስላሳየ «ደህና ናችሁ» ተባልን። እህቴ ነፍሰ ጡር ናት። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ መለኪያው አታሏችኋል። ከሰል አየር በማይዘዋወርበት ቤት ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣዋል። ቀለምም ሽታም ስለሌለው የጭሱ መጥፋት ምንም አያረጋግጥም። ይህ ጋዝ በቀይ የደም ሴሎች ላይ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በርትቶ ይጣበቃል። በጣት ላይ የሚደረገው ተራ መለኪያ የደሙን ቀለም አይቶ የሚፈርድ ስለሆነ በኦክስጅንና በጋዙ የተያዘውን ደም አይለይም። ትክክለኛው መለኪያ የተለየ የደም ምርመራ ነው፤ ምርመራው በሌለበት ግን ሕክምናው አይጠብቀውም። በአንድ ቤት ያደሩ ሰዎች በአንድ ጊዜ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ከያዛቸው፣ ከሰልም ቤት ውስጥ ካለ፣ በሽታው ታውቋል።

መድኃኒቱ ኦክስጅን ነው፤ ከረጢት ባለው ማስክ፣ በደቂቃ 15 ሊትር። በተራ አየር በደም ውስጥ ያለው ጋዝ በግማሽ ለመቀነስ ከ4 እስከ 5 ሰዓታት ይፈጅበታል፤ በንጹሕ ኦክስጅን ግን አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ወተት፣ ሎሚ ወይም ሽንኩርት ማሽተት ጋዙን ከደም አያስለቅቁም። የእህትዎ ጉዳይ ለብቻው መታየት አለበት። ጋዙ ከፅንሱ ደም የሚወጣው ከእናቲቱ ዘግይቶ ስለሆነ እሷ የተሻላት ቢመስልም ኦክስጅኑ ረዘም ይላል፤ የፅንሱም ሁኔታ ይመረመራል። ዛሬውኑ ይውሰዷት። እናንተም በሚመጡት ሳምንታት የመርሳት፣ የአረማመድ ወይም የጠባይ ለውጥ ካያችሁ ለሐኪም ስትናገሩ የከሰሉን ነገር ጨምራችሁ ንገሩ፤ ጉዳቱ ዘግይቶ የሚታይበት ጊዜ አለ።

ጥያቄ፦ የጤና ጣቢያ ነርስ ነኝ። በአትክልት እርሻ ላይ ፀረ ተባይ ሲረጩ የዋሉ ሰዎች ለሃጭና ላብ አጥለቅልቋቸው ይመጣሉ። ማርከሻውን አትሮፒን እንሰጥና የልብ ምት 120 ሲደርስ እናቆማለን። ተሽሎት የነበረው በሦስተኛው ቀን ትንፋሽ ያጥረዋል። የምንሳሳተው የት ላይ ነው? (ከመቂ አካባቢ)

መልስ፦ ማቆሚያ ምልክታችሁ ላይ ነው። ማላታይንና መሰሎቹ፣ ኦርጋኖፎስፌት የሚባሉት፣ የነርቭን መልእክት የሚያጠፋውን ኢንዛይም ያስራሉ። መልእክቱ ሳይቋረጥ ስለሚፈስ ለሃጭ፣ ዕንባ፣ ላብ፣ ትውከትና ተቅማጥ ይበዛል፤ የዓይን ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ ይጠብባል፤ ጡንቻ ይርገበገባል። የሚገድለው ግን በዋናነት የአተነፋፈስ መድከምና በሳንባ የሚሞላው ፈሳሽ ነው። ስለዚህ አትሮፒኑን የሚመራው የልብ ምት ብቻ ሳይሆን ጆሯችሁ ነው፤ ደረቱን አዳምጡ።

ለአዋቂ 2 ሚሊ ግራም በደም ሥር ትጀምራላችሁ። በ5 ደቂቃ ውስጥ ካልተሻለ እጥፍ፦ 4፣ ከዚያ 8፣ ከዚያ 16። ግባችሁ ደረቱ ከማፏጨትና ከመንኳኳት ነጻ መሆኑ፣ ምቱ ከ80 በላይ፣ የላይኛው የደም ግፊት ከ80 በላይ፣ ብብቱ ደረቅ መሆኑ ነው። ምቱ 120 የደረሰው በኦክስጅን ማነስ ወይም በፈሳሽ ማለቅ ሊሆን ስለሚችል ሳንባው እየተንኳኳ አትሮፒን ለመከልከል ምክንያት አይሆንም። እስከ 16 የደረሰ ታካሚ በድምሩ 30 ሚሊ ግራም ወስዷል፤ አምፑሉ 1 ሚሊ ግራም ከሆነ 30 አምፑል ማለት ነው። ክምችታችሁን በዚህ ልክ አስቡት። ሲደርቅ ከጠቅላላው ከ10 እስከ 20 በመቶውን በየሰዓቱ በግሉኮስ መስመር ታስቀጥላላችሁ፤ በዚህ ምሳሌ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ግራም። ታካሚው ከቀዠ፣ ካተኮሰው፣ የአንጀቱ ድምፅ ከጠፋና ሽንቱ ከቆመ በዝቶበታል፤ ለ30 ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ አቁማችሁ በቀነሰ መጠን ትጀምራላችሁ። መንቀጥቀጥ ካለ ዳያዚፓም።

የሦስተኛው ቀን ነገር ሌላ ነው። ከመመረዙ ከ24 እስከ 96 ሰዓታት ባለው ጊዜ የአንገትና የመተንፈሻ ጡንቻ ሊዝል ይችላል፤ ይህን አትሮፒን አያክመውም። በየፈረቃው «ራስህን ከትራስ ቀና አድርግ» በሉት። ቀና ማድረግ ካቃተው የትንፋሽ ማሽን ወዳለበት ሆስፒታል በኦክስጅንና በአጃቢ ላኩት፤ ትንፋሹ እስኪያጥር ከጠበቃችሁ መንገድ ላይ ይቀራል።

እጥበቱን አትዝለሉት። የጎማ ጓንት አድርጉ፤ ልብሱን በፌስታል ቋጥሩ፤ ፀጉሩን፣ ከጆሮው ጀርባና ጥፍሩን ጨምሮ በሳሙናና በብዙ ውሃ እጠቡት። የቆዳ ጫማና ቀበቶ መርዙን መጥጠው ስለሚያስቀሩ ይወገዳሉ። እጥበቱ ግን አትሮፒኑን አያዘግይ። ሆን ብሎ የወሰደ ሰው ከሆነ አትቆጡት፣ ብቻውንም አትተዉት፤ ከመውጣቱ በፊት የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያናግረው።

ጥያቄ፦ ሴት ልጄ 12 ኪሎ ናት። ትኩሳቱ አልወርድ ሲል የፓራሲታሞል ሽሮፕ፣ በፊንጢጣ የሚገባውንና የጉንፋን ሽሮፕ አፈራርቄ ሁለት ቀን ሰጠኋት። አሁን እየተጫወተች ነው፤ ልስጋ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ እየተጫወተች ቢሆንም ሦስቱንም ማሸጊያ ይዘው ዛሬ ያስመርምሯት፤ እስከዚያም ፓራሲታሞል ያለበት ነገር አይስጧት። ብዙ የጉንፋን ሽሮፖች ውስጥ ፓራሲታሞል ስላለ መድኃኒቱን ሦስት ጊዜ ሰጥተዋት ሊሆን ይችላል። ክፋቱ በመጀመሪያው ቀን ምልክቱ ጥቂት ወይም ምንም መሆኑ ነው፤ የጉበት ጉዳት ጎልቶ የሚታየው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ነው። አሲቲልሲስቲን የሚባለው ማርከሻ ብዙ ፓራሲታሞል በአንድ ጊዜ ተወስዶ በ8 ሰዓታት ውስጥ ከተጀመረ ጉበትን ከሞላ ጎደል ይጠብቃል፤ እንደ እርስዎ ልጅ በቀናት ለተጠራቀመ መጠን ደግሞ የጉበት ምርመራው ውጤት ይወስናል። የታመመ መስሎ እስኪታይ መጠበቅ የማርከሻውን ጊዜ ማሳለፍ ነው።

ትክክለኛው ልክ በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢበዛ 4 ጊዜ ነው። ለ12 ኪሎ ልጅ በአንድ ጊዜ ቢበዛ 180 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም ባለው ሽሮፕ 7.5 ሚሊ ሊትር ይመጣል። በሲሪንጅ ይለኩት፤ የወጥ ቤት ማንኪያ አይታመንም።

ጥያቄ፦ እናቴ ከአገር ቤት መጥተው ልጄን ይጠብቁልኛል። አንድ ነገር ቢውጥ ምን ያድርጉ? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ልጁ ራሱን ስቶ ከወደቀ፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም መተንፈስ ካቃተው ወደ ድንገተኛ ጥሪው 911 ይደውሉ። ነቅቶ ደህና የሚተነፍስ ከሆነ ወደ አሜሪካ የመርዝ መረጃ ማዕከል 1-800-222-1222፤ ቀንና ሌሊት ነጻ ነው፣ አስተርጓሚም ስለሚጠየቅ እናትዎ «አምሃሪክ» (አማርኛ) ማለትን ይልመዱ። የማስመለሻ ሽሮፕ፣ አይፒካክ የሚባለው፣ ከድሮ የቀረ ካለ ይጣል፤ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2003 ቤት ውስጥ እንዳይቀመጥ መክሯል። የልጁን ኪሎ ጽፈው ማቀዝቀዣው ላይ ይለጥፉላቸው። ስልኩን የሚያነሣው ባለሙያ የሚጠይቃቸው ምን እንደዋጠ፣ ምን ያህል፣ መቼና ስንት ኪሎ እንደሆነ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ ማሸጊያው፣ የቀረው ክኒን፣ የተጠጣበት ጠርሙስም ከታካሚው ጋር ይሂድ።