«ለአባትሽ እንዳትነግሪ»

«31 ዓመቴ ነው፤ ኮምቦልቻ ነው የምኖረው። ከባለቤቴ ከተለያየን ዓመት ከሦስት ወር ሆነን። የፍቺ ክሱ ፍርድ ቤት ከገባ አምስተኛ ወሩን ይዟል፤ ገና አልተወሰነም። ያሸማገሉን አበጋሮች ‹ፍቺው ሳያልቅ ቤትሽ ሌላ ወንድ አታስገቢ› ብለውኝ ነበር። እኔ ግን ብቸኝነቱም የቤት ኪራዩም ከበደኝና ከሚያዝያ ጀምሮ ከምወደው ሰው ጋር አንድ ላይ መኖር ጀመርን። ጥሩ ሰው ነው። የ9 ዓመት ሴት ልጅና የ4 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደሴ አባታቸው ጋ ይሄዳሉ። ልጄን ‹ስለ ጋሼ ለአባትሽ እንዳትነግሪ› ብያታለሁ። አሁን አባትየው ከሰው ሰምቶ ‹ልጆቼን ባዕድ ወንድ አያሳድግብኝም› እያለ ነው። ይወስድብኝ ይሆን? ልጄ ደግሞ ሰሞኑን ዝም ዝም ትላለች፤ ጥፍሯን ትበላለች።»

እኅቴ፣ ከፍርሃትሽ ልጀምር። እሱ ካልቀለለልሽ ሌላው ምክሬ ጆሮሽ አይገባም።

ከሌላ ሰው ጋር መኖርሽ ብቻውን ልጆችሽን አያስወስድብሽም። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ 213/1992) ዳኛው ልጆች ከማን ጋር ይኑሩ ብሎ ሲወስን የወላጆቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና የኑሮ ሁኔታ፣ የልጆቹንም ዕድሜና ጥቅም እንዲያይ ያዛል። እኛ ወሎ የምንዳኝበት የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ አዋጅ 79/1995 ነው። ከሁሉም በላይ ያለው ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 36 ልጆችን በሚመለከት ውሳኔ የሕፃኑ ጥቅም እንዲቀድም ይላል። ስለዚህ ዳኛው ጥፋትሽን ለመቅጣት ብሎ ልጆችሽን ለአባታቸው አይሰጥም።

ግን «የኑሮ ሁኔታ» የምትለዋን ቃል ልብ በያት። የምትወጂው ሰው ወደ መዝገቡ የሚገባው በእሷ በኩል ነው። ይህ ሰው ማነው? ይጠጣል ወይ? እጁን ያነሳል ወይ? ልጆቹ የት ይተኛሉ? እሱ ከገባ ወዲህ ምን ተለወጠባቸው? እነዚህ ይጠየቃሉ፤ መጠየቃቸውም ተገቢ ነው። «ትንሽ ልጅ መቼም የእናቱ ነው» የሚሉሽን ብቻ ተማምነሽ እንዳትቀመጪም እለምንሻለሁ። እስከ አምስት ዓመት ለእናት ይሰጥ የሚለው ደንብ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፤ የተሻሻለው የፌዴራል ሕግ ትቶታል።

ከጠበቃ ጋር ቶሎ የምትነጋገሪባቸው ሌሎች ሁለት ነገሮች አሉ። ፍቺው እስኪወሰን ድረስ በሕግ ፊት ባለትዳር ነሽ። ባልሽ በግል አቤቱታ ካመለከተ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 652 ዝሙትን ያስጠይቃል። አሁን ብታረግዢ ደግሞ ሕጉ የልጁ አባት ባልሽ ነው ብሎ ይገምታል፤ ይህን ለማስተካከል ሌላ ክርክር ውስጥ መግባት ይመጣል። ላስደነግጥሽ ፈልጌ አይደለም። ሳታውቂው እንዳይደርስብሽ ብዬ ነው።

አሁን ወደ ልጅሽ ልምጣ። ደብዳቤሽን ሳነብ የከበደኝ እሱ ነው።

የ9 ዓመት ልጅ ምን እንደተሸከመች አስቢው። ቅዳሜ ጠዋት ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት ሽቅብ ስትወጣ ሆዷ ውስጥ አንድ ነገር ይዛለች። አባቷ «እናትሽ እንዴት ናት?» ይላታል። ተራ ጥያቄ ነው። ለእሷ ግን ፈተና ነው። ብትናገር አንቺን ከዳች። ዝም ብትል አባቷን ዋሸች። ታናሽ ወንድሟ ደግሞ 4 ዓመቱ ነው፤ ምስጢር የሚባል ነገር አያውቅም። «ጋሼ ብስኩት ገዛልኝ» ሊል አፉን ሲከፍት እሷ ነች የምታስቆመው። እሑድ ማታ ቁልቁል ስትመለስ የምታገኛት ልጅ ዝም ብትል፣ ጥፍሯን ብትበላ ምን ይገርማል? ይህ ዕድሜ ልጅ ሁለቱንም ወላጆቹን ማስደሰት የሚፈልግበት ዕድሜ ነው። ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ሲባል የሚጎዳው ራሱን ነው።

ለፍርድ ቤቱም ቢሆን ከሰውየው በላይ የሚጎዳሽ ይህ ምስጢር ነው። ልጅቷ ብትጠየቅ ወይ ትዋሻለች ወይ ታለቅሳለች። ያኔ አንቺ ልጅሽን ውሸት ያስተማርሽ እናት ትባያለሽ። እንደዚያ አይደለሽም። የፈራሽ እናት ነሽ።

ስለዚህ ሸክሙን ከእሷ ላይ አውርጂላት። ለአባትየው ራስሽ ንገሪው። በስልክ አይሁን። ብቻችሁንም አትሁኑ፤ ከአበጋሮቹ እሱ የሚሰማውን አንዱን ይዘሽ ተቀመጡ። «ከሰው ጋር መኖር ጀምሬያለሁ። የልጆቹ አባት አንተ ነህ፤ አንተን ማንም አይተካህም» በይው። ይቆጣል። ይቆጣ። የሚያስፈራራሽ ወይም እጁን የሚያነሳብሽ ሰው ከሆነ ግን አትሂጂ፤ በጠበቃሽ በኩል ይድረሰው።

ስለምትወጂው ሰው የሚከብድሽን ልናገር። የሚቻል ከሆነ ውሳኔው እስኪሰጥ ለየብቻ ኑሩ። ኪራዩ እንደሚከብድሽ ነግረሽኛል፤ ቀላል አድርጌ አላየውም። እናትሽ ወይም እኅትሽ ለጥቂት ወራት ቢያስጠጉሽ ወይም አብረውሽ ቢሆኑ ብለሽ ጠይቂያቸው። ካልሆነ ግን ልጆቹ የራሳቸው መኝታ ይኑራቸው፤ መቅጣትም መገሠጽም ያንቺ ሥራ ብቻ ይሁን፤ «አባዬ በሉት» የሚባል ነገር አይኑር። ጥሩ ሰው ነው ብለሻል። ጥሩ ሰው ከሆነ ይህን ስትነግሪው ይገባዋል። ካኮረፈ ግን ኩርፊያውን እንደ ቀላል ነገር አትለፊው።

ቀጣዩ ቅዳሜ ሳይደርስ ልጅሽን ለብቻዋ አስቀምጫት። ቡና እያፈላሽ ቢሆን ደግ ነው፤ ልጅ ዓይን ለዓይን ከሚያዩት እጅሽ ሥራ ላይ ሆኖ ሲያወሩት ይቀለዋል። እንዲህ በያት፦ «ለአባትሽ እንዳትነግሪ ያልኩሽ ልክ አልነበረም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ያንቺ አይደለም። ለአባትሽ እኔ እነግረዋለሁ። አንቺ ከጠየቀሽ የምታውቂውን መናገር ትችያለሽ። ማንም አይቆጣሽም።» ከዚያ ዝም በይ። ካለቀሰች ታልቅስ። ጥያቄ ካላት መልሺላት፤ ከሌላት አትጫኛት። ጥፍር መብላቱና ዝምታው ከዚያ በኋላም ሳምንታት ከቀጠለ፣ ወይም ትምህርት ቤት አልሄድም ካለች፣ ወይም ትንሹ መኝታው ላይ መሽናት ከጀመረ፣ ሁለቱንም ይዘሽ የሕፃናትን ሥነ ልቦና ለሚያውቅ ባለሙያ አሳያቸው።